በክሮስቦው አጋዘን ማደን፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እዚህ ሰሜን ቨርጂኒያ አጋዘን ማደን ከጀመርኩ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ዓመታት በደጋን፣ ያለፉትን ስድስት ዓመታት ደግሞ በክሮስቦው አድኛለሁ። ከቅዳሴ በኋላም ሆነ ቡና ላይ ወሬው በተነሣ ቁጥር የሚመጡልኝ ጥያቄዎች ተመሳሳይ ስለሆኑ መልሴን አንድ ቦታ ላሰፍረው ወደድኩ። የጠቀስኳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። የአደን ደንብ በየግዛቱ ይለያያል፤ በየዓመቱም ይለወጣል። ስለዚህ ጫካ ከመግባታችሁ በፊት የግዛታችሁን የዘንድሮ የአደን መመሪያ ማንበብ የእናንተ ፋንታ ነው።

ክሮስቦው ምንድን ነው?

በሰደፍ ላይ አግድም የተጋደመ ደጋን ነው። ጅማቱ ወደ ኋላ ተስቦ መንጠቆ ላይ ይያዛል፣ ፍላጻው ከጅማቱ ፊት ባለው ሐዲድ ላይ ይቀመጣል፣ ምላጩ ሲሳብ መንጠቆው ይለቃል። ባሩድ የሚባል ነገር የለውም፤ ኃይሉ በሙሉ ከተወጠሩት የደጋኑ ክንዶች ይመጣል።

ነገሩ አዲስ ፈጠራ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። ቻይናውያን ግን ከክርስቶስ ልደት በፊት ከነሐስ የተሠራ የምላጭ ዕቃ ነበራቸው፤ ሺያን አጠገብ በተቆፈረው የሸክላ ሠራዊት መካከልም ተገኝቷል። በ1139 የተካሄደው የላተራን ጉባኤ ክርስቲያን በክርስቲያን ላይ እንዳይጠቀምበት አውግዞ ነበር። በእኛው አህጉርም በጋቦንና በካሜሩን ደኖች መርዝ በተቀባ ትንሽ ፍላጻ ጦጣ ሲያድኑበት ኖረዋል።

ታዲያ አዳኞች ለምን ይመርጡታል?

ብዙ ሰው «ኃይለኛ ስለሆነ» ይላል። እኔ ከተሞክሮዬ የምመልሰው ሌላ ነው፦ የመጨረሻዋን እንቅስቃሴ ስለሚያስቀርልህ ነው።

በደጋን ያደነ ሰው ይህንን ያውቀዋል። አጋዘኗ ሃያ ያርድ ላይ ቆማለች። አንተ ደጋኑን ለመሳብ ክንድህን ማንሣትና ትከሻህን መክፈት አለብህ። የአጋዘን ዓይን ደግሞ መልክ ከመለየት ይልቅ እንቅስቃሴ መያዝ ይቀናዋል፤ አንዲት እጅ ስትነሣ ታያለች። ሳትታይ መሳቡ ቢሳካልህ እንኳ አጋዘኗ ከዛፍ ጀርባ እስክትወጣ ወጥረህ መጠበቅ አለብህ። መዘውር ያለው የዘመኑ ደጋን ከተሳበ በኋላ ክብደቱን ይቀንስልሃል። 60 ፓውንድ የሚስበው ደጋን ተይዞ ሲቆይ ከ12 እስከ 15 ፓውንድ ያህል ብቻ ይከብዳል። ቢሆንም ሁለት ደቂቃ በብርድ ይዘህ ስትቆይ ክንድህ ይንቀጠቀጣል፤ የሚንቀጠቀጥ ክንድ ደግሞ እንስሳ ያቆስላል።

በክሮስቦው መወጠሩ ገና ጎሕ ሳይቀድ ያልቃል። አጋዘኗ ስትመጣ የሚቀርህ በመነጽሩ ማየት፣ የሴፍቲውን ቁልፍ መግፋትና ምላጩን በቀስታ መሳብ ነው። ጉልበትህ ላይ ወይም በማማው (ዛፍ ላይ በታሰረው መቀመጫ) መደገፊያ ላይ አስደግፈህ አሥር ደቂቃም ብትጠብቅ የሚደክም ጡንቻ የለም።

ሁለተኛው ምክንያት አካል ነው። እኔ ክሮስቦው የያዝኩት መጋዘን ውስጥ ዕቃ ሳነሣ ቀኝ ትከሻዬ ከተጎዳ በኋላ ነበር፤ ሐኪሙ ደጋን መሳቡን ተው አለኝ። በማማ ላይ የማገኛቸው ሽማግሌዎች ብዙዎቹ ታሪካቸው እንደዚሁ ነው፤ ክሮስቦው ባይኖር ኖሮ አደን ትተው ነበር። ቀጭን ክንድ ያላቸው ሴቶችና ታዳጊ ልጆችም እጀታ በማዞር የሚወጠረውን ይዘው ከማንም እኩል ያድናሉ።

ሦስተኛው ምክንያት ወቅቱ ነው። በቨርጂኒያ የቀስት ወቅት በኦክቶበር የመጀመሪያው ቅዳሜ ይከፈታል፤ የጠመንጃው ደግሞ ኖቬምበር አጋማሽ አካባቢ። በመሐሉ ያሉት ስድስት ሳምንታት ጫካው ገና ያልተረበሸበት ጊዜ ነው። ቨርጂኒያ ከ2005 ጀምሮ በቀስት ወቅት ክሮስቦውን ለማንኛውም አዳኝ ፈቅዳለች።

አራተኛው ሰፈር ነው። እኛ ሐበሾች በብዛት የምንኖርበት የፌርፋክስ አካባቢ በቤትና በመንገድ የተጠቀጠቀ ነው፤ አጋዘኑም እዚያው ነው፣ ጓሮ ገብቶ ጎመን ይበላል፣ ሌሊት መኪና ፊት ይዘላል። እንዲህ ባለ ሰፈር ጠመንጃ አይታሰብም። ካውንቲው በፓርኮቹ ውስጥ የአጋዘን ቁጥር ለመቀነስ በቀስት የሚያድኑ ፈቃደኞችን የሚያሰማራበት ፕሮግራም አለው፤ ክሮስቦውም ይፈቀድበታል። ከማማ ላይ ቁልቁል የተለቀቀ ፍላጻ እንስሳውን አልፎ ቢሄድ እንኳ የሚያርፈው አፈር ላይ ነው።

ጠመንጃን ይተካል?

አይተካም። 26 ግራም የሚመዝን ፍላጻ በሰከንድ 350 ጫማ ቢወጣ የሚይዘው ኃይል ወደ 150 ጁል ነው። አጋዘን የሚታደንበት የተለመደው የ.30-06 ጥይት ከአፈሙዝ ሲወጣ 3,800 ጁል አካባቢ ይዟል። ጥይት በድንጋጤም በመስበርም ይገድላል፤ ፍላጻ ግን የሚገድለው በመቁረጥና ደም በማፍሰስ ብቻ ነው። ስለዚህ የፍላጻው ስለት እንደ ምላጭ የተሳለ መሆን አለበት፤ ባለፈው ዓመት ኢላማ ላይ የተለማመዳችሁበትን ስለት ይዛችሁ ጫካ አትግቡ።

ከምን ያህል ርቀት መተኮስ ይቻላል?

ሻጩ ኢላማ ላይ 80 ያርድ፣ 100 ያርድ ሲመታ ያሳያችኋል። መሣሪያው ይችላል። እንስሳው ግን ኢላማ አይደለም።

ሒሳቡን እንየው። በሰከንድ 350 ጫማ የሚበር ፍላጻ 40 ያርድ ለመድረስ ሲሶ ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። የጅማቱ ድምፅ ደግሞ በአንድ አሥረኛ ሰከንድ ውስጥ ጆሮዋ ይደርሳል፤ ክሮስቦው ደግሞ ከደጋን ይልቅ ድምፁ ከፍ ያለ ነው። በመካከሉ ሩብ ሰከንድ ያህል አላት። አጋዘን ስትደነግጥ ለመዝለል መጀመሪያ እግሮቿን አጥፋ ዝቅ ትላለች። ለዚህ ሩብ ሰከንድ ይበቃታል። ፍላጻውም በራሱ ይወርዳል፤ 20 ያርድ ላይ 14 ሳንቲ ሜትር፣ 40 ያርድ ላይ ወደ 57 ሳንቲ ሜትር። ርቀቱን አምስት ያርድ ብትስት በሁለቱም በኩል የተሳሳተ ቦታ ትመታለህ። የሳንባና የልብ ቦታ ደግሞ ከአንድ መካከለኛ ሳህን አይበልጥም።

ይህንን ከመጽሐፍ አላነበብኩትም። በክሮስቦው ሁለተኛ ዓመቴ ላይ አንዲት እንስት 45 ያርድ ላይ ቆመች። ጆሮዎቿ ቀጥ ብለው ነበር፤ የሆነ ነገር ጠርጥራለች። ቤት በ60 ያርድ ብርቱካን እመታ ስለነበር ልቤ ሞልቶ ለቀቅኩት። ዝቅ ስትል በመነጽሩ አየኋት፤ ፍላጻው ከሳንባዋ በላይ ጀርባዋን ወጋ። እስከ ሌሊቱ አምስት ሰዓት በባትሪ ተከተልኳት፤ በማግስቱ ከጎሕ ጀምሮ ፈለግኳት። ደሙ ወንዝ ዳር ላይ ቆመ። አላገኘኋትም። ያንን ሌሊት አልረሳውም። ከዚያ ወዲህ ከ30 ያርድ በላይ አልለቅም፤ ጆሮዋን ያቆመችውን እንስሳ ደግሞ በ20 ያርድም ቢሆን አልፋታለሁ።

ለመልመድ ምን ያህል ጊዜ ይፈጃል?

መተኮሱ አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃዋል። በደጋን ግን ወራት ይጠይቃል። ችግሩም እዚህ ላይ ነው፦ በአንድ ቀን ኢላማ መምታት የለመደ ሰው ማደን የለመደ ይመስለዋል። ነፋሱ ከየት እንደሚነፍስ፣ አጋዘኑ ከየት ተነሥቶ ወዴት እንደሚወርድ፣ የዋርካ ያህል ግንድ ካለው የባሉጥ ዛፍ ሥር ፍሬ ሲረግፍ መቼ እንደሚመጣ፣ ይኼን ክሮስቦው አያስተምርም። የመጀመሪያ ወቅታችሁን ከሚያውቅ ሰው ጋር ውጡ። በቨርጂኒያ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈቃድ የሚያወጣ ሰው የአዳኝነት ትምህርት መውሰድ አለበት፤ ትምህርቱን ለመጨረስ ብቻ ሳይሆን ለማወቅ ብላችሁ ተማሩት።

በደጋን የሚያድኑ ሰዎች «ማጭበርበር ነው» ይላሉ። እውነት አላቸው?

ክርክሩ ያረጀ ነው። ኦሃዮ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ፈቅዳለች፤ ፔንስልቬንያ በ2009፣ ዊስኮንሲን በ2014 ለክሮስቦው በር ከፈቱ። ሚኒሶታ ደግሞ እስከ 2023 ድረስ በቀስት ወቅት የምትፈቅደው ዕድሜያቸው 60 ለሞላና የአካል ጉዳት ላለባቸው ብቻ ነበር። ኦሪገን በተቃራኒው ትልልቅ የአደን እንስሳትን በክሮስቦው ማደን ሳትፈቅድ ኖራለች። ተቃዋሚዎቹ የሚሉት የቀስት ወቅት ረጅም የሆነው ቀስት ከባድ ስለሆነ ነው፤ ቀላሉን መሣሪያ ካስገባችሁ ብዙ እንስሳ ይሞታል፣ ወቅቱም ያጥራል ነው። አጋዘን በሚያንስበት ግዛት ይህ ስጋት ውኃ ያነሣል። አጋዘን ደኑን በልቶ ችግኝ ባሳጣበት በእኛ አካባቢ ግን አይሠራም።

እኔ ደጋን የሚችል ሰው ደጋን ቢይዝ ደስ ይለኛል፤ ትከሻዬ ቢፈቅድልኝ እኔም እመለስበት ነበር። ግን በወር አንድ ቀን ብቻ የሚለማመድ፣ ሁለት ሥራ የሚሠራ አባወራ በደጋን እንስሳ ከሚያቆስል በክሮስቦው አንድ ጊዜ በትክክል ቢመታ ይሻላል።

እንደ ጠመንጃ ይመዘገባል ወይ?

በፌዴራል ሕግ ክሮስቦው ጠመንጃ አይደለም፤ ምክንያቱም ፍላጻውን የሚገፋው ባሩድ አይደለም። ጠመንጃ ስትገዙ የሚደረገው የፌዴራል የጀርባ ታሪክ ምርመራም አይመለከተውም። የግዛትና የከተማ ሕግ ግን የራሱ ገደብ ሊኖረው ይችላል። ለማደን ደግሞ የአደን ፈቃድ ያስፈልጋል፤ በሰው መሬት ላይ ከሆነ የባለመሬቱም ፈቃድ።

ስንት ያወጣል?

ጀማሪ ከ300 እስከ 500 ዶላር ባለው ይበቃዋል። ከ1,000 እስከ 2,000 ዶላርና ከዚያም በላይ የሚያወጡት ጠባብ፣ ቀላልና እጀታ በማዞር የሚወጠሩ ናቸው። እኔ ገንዘብ የማወጣው በፍጥነቱ ላይ አይደለም፤ ጥሩ ምላጭና ጥራት ያለው መነጽር ባለው ላይ ነው። በክንዶቹ ጫፍ መዘውር የሌለው፣ ክንዱ ብቻውን የሚታጠፈው ዓይነት ሰፊና ትንሽ ዘገም ያለ ቢሆንም ጅማቱን ቤታችሁ ራሳችሁ መቀየር ትችላላችሁ፤ ባለመዘውሩ ግን ወደ ባለሙያ ይሄዳል። ጅማቱን ሰም ቀቡት፤ መፈተል ሲጀምር ቀይሩት።

አደጋው ምንድን ነው?

ዋናዎቹ አራት ናቸው።

አውራ ጣት። ከሐዲዱ በላይ የወጣን ጣት ጅማቱ ይቆርጠዋል። በመነጽር እያያችሁ ጣታችሁ ወዴት እንደሄደ አታዩም፤ ስለዚህ ግራ እጃችሁን ሁልጊዜ ከጣት መከለያው በታች አሳርፉ።

ባዶ መተኮስ። ፍላጻ ሳይኖር ምላጩ ከተሳበ ያ ሁሉ ኃይል የሚሄድበት ስለሌለ ክንዶቹን ይሰብራል፤ ስብርባሪውም ፊት ሊመታ ይችላል።

አለመመጣጠን። ጅማቱን ለመወጠር የሚጠይቀው ክብደት 180 ፓውንድ ከሆነ 82 ኪሎ ገደማ ማለት ነው። በእጅ ከመሳብ መወጠሪያ ገመዱን ተጠቀሙ፤ ክብደቱን በግማሽ ያህል ይቀንሳል፣ ጅማቱንም እኩል ይስበዋል። ጅማቱ ሁለት ሚሊ ሜትር ወደ ጎን ካጋደለ ፍላጻው ኢላማውን ይስታል።

አራተኛውና ከሁሉም የከፋው ከማማ መውደቅ ነው፤ በቀስት አደን ሰው የሚጎዳው በብዛት በዚህ ነው። ገና እግራችሁ ከመሬት ሳይነሣ የደህንነት ቀበቶውን ከዛፉ ጋር እሰሩ። ክሮስቦውን ይዛችሁ አትውጡ፤ ፍላጻ ሳይገባበት በገመድ አስራችሁ በኋላ ሳቡት። ሲመሽ ሳትተኩሱ ከቀራችሁ ከወረዳችሁ በኋላ ለዚሁ በተዘጋጀ አሮጌ ፍላጻ ለስላሳ አፈር ላይ ተኩሳችሁ አላሉት፤ ወጥራችሁ መኪና ውስጥ አታስገቡ።

ከመታሁ በኋላ ምን ላድርግ?

ተቀመጡ። የምትቸኩሉ ከሆነ የምታጡት እዚህ ላይ ነው። ፍላጻውን ፈልጉና እዩት። ደሙ ደማቅና አረፋ ያለው ከሆነ ሳንባ ነው፤ ግማሽ ሰዓት ጠብቃችሁ ተከተሉ፣ ብዙ ጊዜ ከመቶ ሜትር ሳትርቅ ወድቃ ታገኟታላችሁ። ጠቆር ያለ ከሆነ ጉበት ነው፤ ቢያንስ ሦስትና አራት ሰዓት ጠብቁ። አረንጓዴ ነገር ካለውና ከሸተተ ሆድ ዕቃዋን ነው የመታችሁት፤ ስምንትና አሥር ሰዓት ሳትጠብቁ ብትከተሏት ተነሥታ ትሮጣለች፣ አታገኟትምም።

በእኛ ሥርዓት ሥጋው ይበላል?

ኦርቶዶክሳውያን ሲጠይቁኝ መጀመሪያ የምነግራቸው ዋላ በኦሪት ዘዳግም 14፥5 ከሚበሉት እንስሳት መካከል መጠቀሱን ነው። ጥያቄው ስለ አራራዱ ነው። እኔ እንደደረስኩ «በስመ አብ» ብዬ አንገቷን እቆርጣለሁ፣ ደሟን አፈስሳለሁ፤ የንስሐ አባቴን ጠይቄ ነው የማደርገው። እናንተም የራሳችሁን አባት ጠይቁ እንጂ በእኔ አትወስኑ።

ሙስሊም ጓደኞቼ ፍላጻውን ሲለቁ «ቢስሚላህ» ይላሉ። በሐዲስ እንደተነገረው በሹሉ የወጋው ይበላል፣ በጎኑ ወይም በክብደቱ ደብድቦ የገደለው አይበላም፤ እንስሳው በሕይወት ከተደረሰበት ደግሞ ይታረዳል። ዝርዝሩን ሼኻችሁን ጠይቁ።

ጥሬውን ወይም ለብለብ ክትፎ መብላት ይቻላል?

እባካችሁ አትብሉ። ቁርጥ የለመደ ሰው ቀዩን የአጋዘን ሥጋ ሲያይ እጁ እንደሚሄድ አውቃለሁ፤ ግን የበሬ ሥጋ አይደለም። ጫካ ውስጥ ሆድ ዕቃው ሲወጣ ጀርም ሊነካው ይችላል፤ ቶክሶፕላዝማ የሚባለው ጥገኛም አጋዘን ላይ ይገኛል፣ በተለይ ለነፍሰ ጡር አደገኛ ነው። የተፈጨውን እስከ 71 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አብስሉት። ጥብሱ ግን በሮዝመሪና በቅቤ ተቁላልቶ ልዩ ነው፤ ጮማ ስለሌለው ቅቤው አይቀነስ።

የአጋዘን የመመንመን በሽታ የሚባለው፣ አጋዘኑን እያከሳ የሚገድለው፣ በቨርጂኒያ በ2009 ተገኝቷል። በሽታው ባለባቸው አካባቢዎች ናሙና ሰጥታችሁ አስመርምሩ፤ ተገኘበት ከተባለ አትብሉት። አንድ ጥሩ ነገር ልጨምር፦ በፍላጻ የተገደለ ሥጋ ውስጥ የእርሳስ ጥይት ፍርፋሪ የለም፤ ልጆች ላሉት ቤት ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ቅርጫ ማድረግ ይቻላል?

ገንዘብ አዋጥቶ ከሆነ አይቻልም። የዱር አጋዘን ሥጋ መሸጥ በሕግ የተከለከለ ነው፤ ለነዳጅ ብሎ ገንዘብ መቀበልም ችግር ውስጥ ያስገባል። በስጦታ ግን ይቻላል። ከአንዲት መካከለኛ እንስት ከ15 እስከ 20 ኪሎ ንጹሕ ሥጋ ይወጣል። እኛ አራት ቤተሰብ ሆነን ጋራዥ ውስጥ ብልት እናወጣለን፤ ሁሉም ድርሻውን ይዞ ይሄዳል፣ አንድ ዶላር ከእጅ እጅ አይሻገርም።

አውሮፓ ወይም ኢትዮጵያ ውስጥስ?

በብሪታንያ የ1981ዱ የዱር አራዊት ሕግ በደጋንም በክሮስቦውም ማደንን ይከለክላል። ጀርመንም አጋዘንን በፍላጻ መተኮስ አትፈቅድም። ኢትዮጵያ ውስጥ በአዋጅ ቁጥር 541/1999፣ ይኸውም በአውሮፓ 2007 በወጣው፣ የዱር እንስሳ ያለ ፈቃድ ማደን ወንጀል ነው። ለእረፍት ስትሄዱ ሻንጣ ውስጥ ክሮስቦው አትክተቱ።

የገና ጾም ከአደኑ ወቅት ጋር አይጋጭም?

ይገጥማል እንጂ አይጋጭም። በቨርጂኒያ ወንዶቹ እንስት ፍለጋ ቀን በቀን የሚዞሩበት የስሪያ ወቅት የሚግለው ኖቬምበር አጋማሽ ላይ ነው፤ ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ይገባል፣ ይኸውም ኖቬምበር 24 አካባቢ። እኔ ከኦክቶበር መክፈቻ እስከ ቅበላው ድረስ አድናለሁ፤ ከዚያ ክሮስቦውን አላልቼ ጅማቱን ሰም ቀብቼ እሰቅለዋለሁ። ሥጋው ቀኑ ተጽፎበት ፍሪዘር ውስጥ ይቆያል፤ የሚወጣው የገና ዋዜማ ማታ ነው፣ ከዶሮው አጠገብ ለሚቀርበው ጥብስ።